ንፋሱን ሳልዘጋ እጄን ያነሳሁበት ቅዳሜ

ሥራዬ ንፋስ ነው። እንዲህ ስል የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ ግን እውነት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ ጎማችሁ ከሚሴ ላይ ከተነፈሰ፣ ከአስፋልቱ ዳር አሮጌ ጎማ ደራርቦ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር የተቀመጠ ጎሚስታ ታገኛላችሁ፤ እኔ ነኝ። ለባጃጅ ስንት ንፋስ እንደሚበቃ፣ ለጭነት መኪና ስንት እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ጎማውን በመዶሻ መታ አድርጌ ከድምፁ ብቻ የምለይበት ጊዜም አለ። ታዲያ ንፋስን እንዲህ የሚያውቅ ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን፣ ለዚያውም ፈጽሞ መርሳት በማይገባው ቀን፣ ንፋስ መዝጋት ረሳ። የዚያን ዕለቱን ነው የማጫውታችሁ።

ያኔ ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ባጃጅ ከተማችን ገብቶ ገና ብርቅነቱ አልለቀቀውም። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ ሥራውን ተረክቤያለሁ፤ ብዙም ሳይቆይ እናቴ ተከትላዋለች። ብቻዬን ነው የምኖረው። የእጄ ጥቁረት በሳሙናም በቤንዚንም አይለቅም፤ ሰው ሊጨብጠኝ ሲመጣ የምሰጠው ክንዴን ነው።

አንድ ቀን አደም ወደ ሱቄ መጣ። አደም የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነው፤ ቀጭን፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ ሰው።

"ከማል፣ የማይጠቅምህ ከመነዳሪ ካለ ቫልቩን ቆርጠህ ስጠኝ" አለኝ።

"ለምንህ ነው?"

"ለሮኬት።"

ዛሬ ጥሩ ጫት ገብቷል ማለት ነው ብዬ ዝም ብዬ ሰጠሁት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው የፈለገው ቫልቭ ሳይሆን እኔን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቁን የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ትወስዱና ሲሶውን ውሃ ትሞሉታላችሁ። አፉን ወደ ታች ደፍታችሁ ማቆሚያው ላይ በመቆንጠጫ ታስሩትና በቫልቩ በኩል ንፋስ ትነፉበታላችሁ። ንፋሱ ሲበቃው መቆንጠጫውን በገመድ ከሩቅ ትስባላችሁ። ውሃው ወደ ታች ሲተፋ ጠርሙሱ ወደ ላይ ይተኮሳል። የመጀመሪያዋ ከሱቄ ጓሮ ተነስታ የጎረቤቴን ጣራ አልፋ ስትሄድ፣ ወላሂ፣ ልጅ ሆኜም እንደዚያ ስቄ አላውቅም። የጎረቤቴ ፍየል ላይ መውደቋ ሳይቆጠር።

እንዲህ እንዲህ እያልን ክበብ ሆንን። ሦስት አስተማሪዎች፣ አንድ የመብራት ሠራተኛ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ እኔና ሌሎች ሁለት። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወስደው ሜዳ እንተኩሳለን። መጀመሪያ ሊስቅብን የመጣው ሰው እያደር ሊያይ ይመጣ ጀመር፤ ሻይ የምትሸጥ ሴትዮም ቴርሞሷን ይዛ ተከተለች። የእኔ ድርሻ ንፋሱ ነው። በርሜል የሚያክል የንፋስ ታንክ ሱቄ ውስጥ ሞልቼ በጋሪ አመጣለሁ፤ በቱቦ ከጠርሙሱ አገናኘዋለሁ፤ ጠርሙሱ ውስጥ የገባውን ንፋስ የሚለካውን ጌጅ እያየሁ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ሁለት ሕግ ነበረን፤ ሁለቱም የወጡት በእኔ ጥፋት ነው። አንድ ቀን በልምምድ ላይ እስከ ስንት ይችል ይሆን ብዬ ንፋሱን ለቀቅሁት። ጌጁ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ጠርሙሱ ፈነዳ። ስባሪው አሥር እርምጃ ርቆ የተቀመጠ ጄሪካን በስቶ ገባ። ጄሪካኑን ሱቄ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ጌጁ አምስት ሲል ይዘጋል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ሃያ እርምጃ ርቆ ከተዘረጋው ገመድ ኋላ ይቆማል ተባለ።

ልብስ ሰፊዋ ሩቂያ ትባላለች። ሮኬቱ ሲመለስ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ከአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ ትንንሽ ፓራሹት የምትሠራልን እሷ ናት። መጀመሪያ የተናገረችኝ ቃል "ክሩን አሳጥረኸዋል" የሚል ነው። አሳጥሬውም ነበር። ከዚያ በኋላ ክር ለማስተካከል ወደ ስፌት ቤቷ የሄድኩትን ያህል ወደ መስጊድ ብሄድ ኖሮ ዛሬ ትልቅ ሰው ነበርኩ። ወደድኳት። ሌላ የማስረዝመው ነገር የለኝም፤ ወደድኳት፣ እሷም ታውቃለች፣ አትጠላኝምም።

አጎቴን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ አባቷ ላክሁ። አባቷ ሼህ አወል ናቸው። ከሚሴ ውስጥ መንገድ የሚጀምር፣ ቤት የሚሠራ፣ ልጅ የሚድር ሰው ዱዓ እንዲያደርጉለት የሚያስመጣቸው ሰው ነበሩ። ሽማግሌዎቹን በወግ ተቀብለው አስተናገዱና እንዲህ አሉ፤

"ልጁን አላውቀውም። ሲሠራ አይቼው እመልስላችኋለሁ።"

አጎቴ እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት? ወይም 'ጎማ ሲጠግን ይዩት' ቢል? እሱ ግን ሊያኮራኝ ፈልጎ፣ "የፊታችን ቅዳሜ ዕንቁላል ወደ ሰማይ ልኮ ሳይሰበር ያወርዳል፤ ይምጡና ይዩ" ብሏቸው ተመለሰ። ዕንቁላል የመላኩ ሐሳብ የአደም ነው፤ ሞክረነው አናውቅም።

ዓርብ ዕለት ሩቂያ ፓራሹቱን ልትሰጠኝ ወደ ሱቄ መጣች።

"አባቴ ይመጣል" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"እሱ ፊት ሌላ ሰው እንዳትሆን። እንደ ሁሌህ ሥራህን ሥራ።"

"እሺ" አልኳት። ማታውን ግን የአጎቴን ነጭ ጀለቢያ ተውሼ በካውያ አስተኮስኩ።

ቅዳሜ ሜዳው እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም። የሰንበቴ ገበያ እስኪመስል ሰው በሰው ላይ ነው። ሼህ አወል በባጃጅ መጡ። ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ጥምጥም፣ በእጃቸው መቁጠሪያ። ሕዝቡ ተነስቶ መንገድ ከፈተላቸው። አንድ ሰው የፕላስቲክ ወንበር አመጣ፤ ሌላው ተቀብሎ ወደ ፊት አሳለፈው፤ ሦስተኛው ገመዱን ዝቅ አድርጎ አሻገረው። እንዲህ ያለ እንግዳ ከሰው ኋላ እንዴት ይቀመጣል? ወንበሩ በመጨረሻ የተተከለው ከሮኬቱ ሰባት እርምጃ ላይ ነው። እኔም አየሁ፣ አደምም አየ። እኔ አደም ይናገራል ብዬ ዝም አልኩ፤ እሱም እኔ እናገራለሁ ብሎ ዝም አለ። ደግሞስ ሼህ አወልን 'ተነሱና ወደ ኋላ ሂዱ' የሚል ሰው ማን ነው?

አደም ሮኬቱ ሲወጣ በደንብ እንዲታይ ብሎ ውሃውን በሰማያዊ ቀለም በጥብጦታል። ዕንቁላሉን በጥጥ ጠቅልለን ከጠርሙሱ አናት ባለው ቆብ ውስጥ አስቀመጥነው፤ የሩቂያን ፓራሹት አጥፈን ከላዩ ከተትን። እኔ ንፋሱን ከፈትኩ። አንድ፣ ሁለት አለ። ጌጁ ሦስት ላይ ሲደርስ አደም፣ ያ እጁ የማያርፈው ሰው፣ የእንግዳው ክብር ግራ አጋባውና ጮክ ብሎ ተናገረ፤

"ጀመዓ፣ ከመተኮሳችን በፊት ሼህ አወል ዱዓ ያድርጉልን።"

በአገራችን ያለ ዱዓ የሚጀመር ነገር የለም። ዱዓው እስኪያልቅ፣ ዱዓ አድራጊው ፊቱን በእጁ እስኪያብስ ድረስ እጁን የሚያወርድ ሰውም የለም። ሼሁ ከወንበራቸው ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ። እኔስ? ከታንኩ ዘልዬ ወደ ፊት ወጣሁና ከሕዝቡ ሁሉ ቀድሜ፣ ከሕዝቡ ሁሉ አስበልጬ እጄን አነሳሁ። እንዲያዩኝ ነው። ንፋሱ ከኋላዬ ክፍት ነው።

ክፍት መሆኑን ያስታወስኩት አልፋቲሓ ተቀርቶ እንዳበቃ ነው። ቱቦው ስስስ ሲል ይሰማኛል። አንገቴን ትንሽ ዘወር አድርጌ ጌጁን አየሁ፤ አምስት። ዱዓውን ያሳጥሩት ይሆናል አልኩ።

"ያ ረቢ፣ ሮባ ኑፍ ኬኒ፤ ዝናቡን በጊዜው አውርድልን።"

"አሚን" አለ ሜዳው።

"ያ ረቢ፣ ነጋ ኑፍ ኬኒ፤ አገሩን ሰላም አድርግልን።"

"አሚን።"

አምስት ተኩል። አሁን እጄን አውርጄ ብዘጋው ያልቅ ነበር። አንድ እርምጃ ነው። ግን ሼሁ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ ፊት ለፊት እኔን ነው የሚያዩት። ልጃቸውን የጠየቀ ሰው በዱዓ መሐል እጁን አውርዶ ሲሄድ ሲያዩ ታየኝ። አልቻልኩም።

"የታመመውን ማርልን። የወለደችውን በሰላም አስነሳልን።"

"አሚን።"

ስድስት። ላቤ በአጎቴ ጀለቢያ ሥር ይወርዳል።

"ወደ ባቲ የወጣውን ነጋዴ፣ ወደ ሰንበቴ የወረደውን ገበያተኛ በሰላም መልስልን። ሾፌሩን ከእንቅልፍ ጠብቅልን።"

"አሚን።"

ሰባት። ጠርሙሱ ሆዱ ተነፍቷል። የጄሪካኑ ቀዳዳ ትዝ አለኝ፤ ጄሪካኑ አሥር እርምጃ ላይ ነበር፣ ሼሁ ያሉት ሰባት ላይ ነው። ወደ ሴቶቹ በኩል ስመለከት ሩቂያ እያየችኝ ነው። ፊቴን አየች፤ ዓይኔን ተከትላ ጌጁን አየች፤ ከዚያ አባቷን። 

"የሞቱትን ማርልን። የቀሩትን አኑርልን።"

"አሚን።"

ስምንት። ፕላስቲኩ በጎኑ ነጭ መስመር ማውጣት ጀመረ። ያን መስመር አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ንፋሱ ቢዘጋም ጠርሙሱ ዕድሜ የለውም፤ ሰው የሚተርፈው ሮኬቱን ከዚያ በማስነሳት ብቻ ነው። ሼህ አወል ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ትዳር የሚሻውን ወጣት፣ ያ ረቢ…"

እመኑኝ፣ በሕይወቴ አሚን ልልለት የተመኘሁት ዱዓ ያ ብቻ ነው። እጄን አወረድኩ። ጎንበስ ብዬ እግሬ ሥር ያለውን የመቆንጠጫውን ገመድ ይዤ ባለ በሌለ ጉልበቴ ሳብኩት።

ድምፁ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ምድሩ የተመታ መሰለኝ። ሰማያዊው ውሃ በአራቱም በኩል ተረጨ፤ ሮኬቱ ከዓይን ተሰወረ። እንደዚያ ከፍ ያለ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተኩሰን አናውቅም። ግን ወደ ላይ ያየ ሰው የለም። ሰው ሁሉ የሚያየው ሼህ አወልን ነው። ከጥምጥማቸው እስከ እግራቸው ሰማያዊ ሆነዋል። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው።

አደም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "በራሱ ተፈታ በል። መቆንጠጫው ላላ በል" አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ሊያድነኝ ነው። የሰው ሁሉ ዓይን ሼሁ ላይ ስለነበር ማንም ገመዱን ስስብ ያየ አልነበረም፤ ሩቂያ ብቻ ናት ያየችኝ።

ሼሁ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ፊታቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ማነው የሳበው?" አሉ።

አፌ 'በራሱ' ሊል ተከፍቶ ነበር። ሩቂያን አየኋት። አትቆጣም፣ አትለምንም፤ ትጠብቃለች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"በዱዓ መሐል?"

"ጠርሙሱ ሊፈነዳ ነበር። አንቱ ደግሞ አጠገቡ ነበሩ።"

"ለምን ሊፈነዳ ቻለ?"

"ንፋሱን ሳልዘጋ እጄን አንስቼ ነው።"

"ጎሚስታ አይደለህም እንዴ? ለምን አልዘጋህም?"

ይህን መመለስ ገመዱን ከመሳብ ይከብድ ነበር። 

"ከሰው ሁሉ ቀድሜ እጄን ሳነሳ እንዲያዩኝ ብዬ ነው። ከዚያም አምስት ላይ መዝጋት እችል ነበር። ያዩኛል ብዬ አፈርኩ፤ ስምንት እስኪደርስ ቆሜ አሚን አልኩ። ወንበርዎ ሲቀርብም አይቼ ዝም ብያለሁ። አፉ ይበሉኝ።"

ከሕዝቡ መሐል "አስተግፊሩላህ" የሚል ድምፅ ተሰማ። አጎቴ መሬት መሬቱን ያያል። ሼህ አወል ግን፣

"ዕንቁላሉስ?" አሉ።

ዕንቁላሉን ሁላችንም ረስተነዋል። አንገታችንን አንድ ላይ ቀና አደረግን። ሩቅ፣ ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ካለው የማሽላ ማሳ በላይ፣ የሩቂያ ፓራሹት እንደ ጥቁር አሞራ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሰዉ ተንጋግቶ ሮጠ። እኔም ልሮጥ ስል ሼሁ፣ "አንተ ቁም" አሉኝ፤ ቆምኩ። ያን ጊዜ ትዝ ብሎኝ ሄጄ ንፋሱን ዘጋሁ።

ዕንቁላሉን ይዛ የመጣችው ራሷ ሩቂያ ናት፤ የቀሚሷ ጫፍ በማሽላ ቅጠል ተሞልቷል። ለአባቷ ሰጠቻቸው። ወደ ፀሐይ አድርገው አዩት፤ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቅነቅ አደረጉት።

"ሙሉ ነው" አሉ። ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ባጃጃቸው ላይ ወጥተው ሄዱ።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ሰኞ አጎቴ፣ "ሌላ ቤት እንፈልጋለን፣ አብሽር" አለኝ። ሌላ ቤት አልፈልግም አልኩት። ከተማው ሁሉ ወሬው ደርሶታል፤ የማላውቀው የመኪና ረዳት ሳይቀር "ሼሁን ያጠመቅሃቸው አንተ ነህ?" ብሎኛል። ከዚህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ያ ያላለቀው ዱዓ ነበር። ትዳር የሚሻውን ወጣት ያሉት እኔን አስበው ይሆን? ይህን እያሰብኩ የአንድ ባጃጅ ከመነዳሪ ሁለት ጊዜ ያለ ቦታው ለጠፍኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ሼህ አወል ሱቄ መጡ። በእግራቸው ነው። ልነሳ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ከጎማዎቹ አንዱ ላይ ቁጭ አሉ። ሥራዬን ቀጠልኩ። አንድ የጭነት መኪና መጣ፤ ጎማውን ፈታሁ፣ ለጠፍኩ፣ ነፋሁ፣ ዘጋሁ። አንድ ባጃጅ መጣ፤ ነፋሁ፣ ዘጋሁ። ከጠዋት እስከ ዙሁር ሶላት፣ እስከ እኩለ ቀን፣ ተቀምጠው አዩኝ። የተሰቀለውን ጄሪካንም አዩት፤ ተነስተው ጣታቸውን በቀዳዳው አስገብተው ሞከሩት። ከዚያ ለመሄድ መቁጠሪያቸውን ሰበሰቡ።

"ቅዳሜ ዕለት በራሱ ተፈታ ብትለኝ አምንህ ነበር" አሉ። "ልጄን ግን አልሰጥህም ነበር፤ እሷ አይታሃላ፣ ማታውን ትነግረኝ ነበር። አጎትህን ላከው።"

 ሁለት እርምጃ ሄደው ዞር አሉ።

"ዕንቁላሉን በላሁት። ጥሩ ነበር።"

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ሚስት አገኘሁ ብዬ ብቻ አላልፈውም። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የማፍርበት ብዙ ነገር ነበረኝ፤ በእጄ፣ በሰባተኛ ክፍሌ፣ በተውሶ ጀለቢያዬ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት 'እንዲያዩኝ ብዬ ነው' ብያለሁ፤ ከዚያ የሚብስ ምን ይመጣል? ቀለለኝ። ከዚያ ወዲያ ትልቅ ሰው ቢመጣም ከገመዱ ኋላ ነበር የሚቀመጠው፤ ራሴ ሄጄ ወንበሩን እይዝለት ነበር። ሼህ አወልም፣ አላህ ይማራቸውና፣ አደም ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ክበቡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አንድ ቅዳሜ አልቀሩም። ከገመዱ ኋላ ይቀመጣሉ፤ ዱዓውን ታንኩ ሳይከፈት ያደርጋሉ፤ ዕንቁላሉን ይዘው ይሄዳሉ።

ጋብቻችን ስለታሰረበት ስለ ኒካሑ ቀን አንድ ነገር ልጨምር። በሼሁ ግቢ ነበር። ጥምጥማቸው ያው የቅዳሜው ነው፤ ሰማያዊው ነጠብጣብ በሩቅ ይታያል። ሩቂያ ሌላ ላምጣልዎት ብትላቸው እምቢ አሉ። ኒካሑ ከታሰረ በኋላ ሕዝቡ ለዱዓ ተዘጋጀ፤ ሁሉም እጁን አነሳ። እኔ ሁለቱን ጥቁር እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እሳቸውን ጠበቅሁ። ዞር ብለው አዩኝ።

"ከማል፣ ንፋሱን ዘግተሃል?"

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። እሳቸው አልሳቁም፤ መልሴን ይጠብቃሉ።

"ዘግቻለሁ፣ አባ።"

"እንግዲያው እጅህን አንሳ" አሉኝ፤ ከዚያም መዳፋቸውን ዘርግተው ቅዳሜ ካቆሙበት ቀጠሉ። "ትዳር የሚሻውን ወጣት፣ ያ ረቢ፣ ትዳሩን ባረካ አድርግለት።"

አሚን አልኩ።